«እኔን» ለብቻው ገጽ ይገባዋል?

ደሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አፉን የሚከፍት ሰው የለም። ቁልቁለቱን የሚወርደውም ዳገቱን የሚወጣውም ከንፈሩን ገጥሞ ይሄዳል። ሰላምታ የሚለዋወጡት ከጆሮ ጀርባ የተለጠፉት ሰሚዎች ናቸው። የእኔ ሰሚ በእኔ ድምፅ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ የጎረቤቴ ሰሚ በጎረቤቴ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እኛ ደግሞ የየራሳችንን እያሰብን እንተላለፋለን። እኔ በበኩሌ ቅሬታ አልነበረኝም። በክረምት የጦሳ ተራራ ጭጋግ አፍ ተከፍቶ ካገኘ ጉሮሮ ድረስ ነው የሚገባው።

የምሠራው ይህ ሁሉ ንግግር ከሚቀዳበት ቤት ነው፤ መዝገበ ዕውቀቱ ዘንድ፣ ሐረግ ክፍል። ማዕረጌ መዛኝ ይባላል። ሰው የሚለው ሁሉ ገጽ አይገባውም። የትኛው ሐረግ ለብቻው ገጽ ይከፈትለት፣ የትኛው ወደ ሌላ ገጽ ይጠቃለል ብለን የምንወስነው ሦስት ሰዎች ነን። ገጽ ያገኘ ሐረግ ሁለት ነገር ያገኛል። መጀመሪያ ሰሚ ትርጉሙን ይረዳዋል። ዓመት ገደማ ሲቆይ ደግሞ ባለቤቱን ወክሎ ይለዋል። «አብሽር» አምና ገጽ አግኝቶ ነበር። ዘንድሮ ለቅሶ ቤት ስገባ እኔ ጫማዬን እየፈታሁ ሰሚዬ በድምፄ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለ ቤቱን ሙሉ አዳረሰልኝ።

ገጽ ያላገኘው ደግሞ ወደ ቅርብ ዘመዱ ይጠቃለላል፤ ሰሚም በዘመዱ ይተረጉመዋል። አንዳንዴ ያስቃል። «ሞኝህን ፈልግ» የሚለውን «ፍለጋ» ውስጥ ጠቅልለነው ሰሚዎች ለሦስት ወር ሞኝ የሚገኝበትን አድራሻ ሲጠቁሙ ከርመዋል። አንዳንዴ ግን አያስቅም።

የእማማ ሶሊያና ማመልከቻ ሐምሌ 5 ቀን 2121 ዓ.ም. ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። በእጅ የተጻፈ ነበር። በእጅ የሚጽፍ ሰው ስለሚያስረዝም ገና ሳየው ደከመኝ፤ ሳነበው ግን አራት መስመር ነው። «እኔን የሚለው ቃል ገጽ እንዲሰጠው እለምናለሁ። ሰው ሲደናቀፍ ነው የምለው። እኔ ወድቄ አላውቅም። ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው።»

ፋይላቸውን አስወጣሁ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያ ያለፈው ብቸኛ ሰው ሰሚውን ማውለቅ አይፈቀድለትም፤ በዓመት ውስጥ አርባ ጊዜ ከወደቀም ቤቱን ለቆ ኮምቦልቻ ወዳለው የጋራ መኖሪያ ይገባል። መጥፎ ቦታ አይደለም። ሞቃት ነው፣ ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም፣ መስኮቶቹ ወደ ግቢው ውስጥ ነው የሚከፈቱት። እማማ ሶሊያና ከመስከረም እስከ ግንቦት ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ወድቀዋል ይላል መዝገቡ። ሠላሳ ዘጠኙም የተመዘገበው በአንድ ቃል ነው። «እኔን» ብለዋል፣ ድምፃቸው ደንግጧል፣ ሰሚም «እኔ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ አይቷል። እዚያ ላይ «እኔን፦ ድርጊቱ የደረሰው በተናጋሪው ላይ መሆኑን ያመለክታል» ይላል። የወደቀው ማን ነው? ተናጋሪዋ።

ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሰዋስው ረገድ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት።

በሕጋችን መዛኝ አመልካቹን ሄዶ ማየት ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ሄድኩ። ቤታቸው በቁልቁለት ደረጃ መታጠፊያ ላይ ነው፤ በሩ ከደረጃው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ከበሩ አራት እርምጃ ወደ ላይ አንድ የተላጠ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ድንጋይ አለ። ክረምት ሲገባ ሳሙና የተቀባ ነው የሚመስለው። እማማ ሶሊያና ክፈፉ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ የቆሎ ሳህን ይዘው ነበር። ሰሚያቸው ሰላምታ ሰጠኝ፤ እሳቸው በዐይናቸው ብቻ ቦታ አሳዩኝና ተቀመጥኩ።

ወዲያው አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ከላይ መጣች። እማማ ሶሊያና ሲያዩዋት አንድ ጭብጥ ቆሎ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጉንጫቸው ተነፋ። ሴትዮዋ ድንጋዩን ረገጠች፣ ተንሸራተተች፣ ግድግዳውን ይዛ ተረፈች። የእማማ ሶሊያና ሁለት እጆች ደግሞ ወደ ላይ ተነሥተው፣ ዐይናቸው ፈጦ፣ ከታፈነው አፋቸው «እምም» የሚል ነገር ብቻ ወጣ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል አልፋ ሄደች።

ቆሎውን አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ጥርሳቸው ሦስተኛው ነው፣ በቅርቡ ነው የበቀለው፤ ደህና ያኝካሉ። ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። እዚህ በር ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚህ ድንጋይ ያልተደናቀፈ የሰፈር ሰው የለም፤ ለተደናቀፈ ሁሉ «እኔን» ሲሉ ኖረዋል፣ እናታቸውም ሲሉ ሰምተው። ግንቦት ላይ ከጤና ክትትሉ ሁለት ሰዎች መጡና አንድ መውደቅ ብቻ ነው የቀረዎት አሏቸው። ተቀምጬ ነበር ቢሉ፣ አንደኛዋ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ ያልወደቁ ከሆነ ለምን እኔን አሉ?»

  ቁጥሩ በመስከረም ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፤ እስከዚያ ዝም ካሉ ቤታቸው አይነካም። ዝም ማለት ግን ከበዳቸው። ነጠላ አፋቸው ላይ አሰሩ፣ አልሆነም። በሩን ዘግተው ተቀመጡ፣ ሰው ሲንሸራተት ድምፁ ይሰማቸዋል፣ ባሰባቸው። ቆሎ ነው የተሻለው። ድንጋዩ ለምን አይነቀልም ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ለከተማው አመልክተው እንደነበር ነገሩኝ። ከተማው መዝገቡን አይቶ በዚያ ደረጃ ላይ አንድም ሰው ወድቆ አያውቅም ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነው። የድንጋዩ ጥፋት ሁሉ የተጻፈው በእሳቸው ስም ነው።

እኔም ሕጉን አስረዳኋቸው። አንድ ሐረግ ገጽ እንዲከፈትለት ሦስት የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሐረጉን የተናገሩበት ሳይሆን ስለ ሐረጉ የተጻፈ መሆን አለበት፣ ሦስቱ ጸሐፊዎችም መተዋወቅ የለባቸውም። እማማ ሶሊያና ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ሰው ሲወድቅ ብዕር የሚያነሣ አለ እንዴ?» አሉኝ።

እውነትም የለም ማለት ይቻላል። ሦስት ሳምንት ፈልጌ ሁለት አገኘሁ። አንዱ የቆየ የሰዋስው መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ሲሆን፣ ሌላው ለነርሶች ተዘጋጅቶ የነበረ ማስተማሪያ ነው፤ ሕመምተኛ ፊት «እኔን» እያላችሁ አታስደንግጡ ይላል። ሦስተኛ የለም። ሰው ቃሉን ሺህ ጊዜ ብሎታል፣ ስለ ቃሉ ግን ማንም አልጻፈም። አፉ ላይ ያለውን ማን ይጽፋል።

ጉባኤው ነሐሴ 12 ተቀመጠ። ሦስት ነን ብያለሁ፤ እኔ፣ ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሀናን፣ እና ኪሩቤል። ኪሩቤል ደንብን እንደ ዳዊት የሚደግም ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው አርባ ስላልሞላው ነው። ተቃውሞውን በተራ አቀረበ። ቃሉ ተውላጠ ስም ነው፣ ገጽ አለው። ማስረጃው ሁለት ነው። ደግሞም ግስ የለውም። እኔን ምን? ይድፋኝ? ያስቀድመኝ? አፈር ያድርገኝ? አንድ ቤት አንዱን ይላል፣ ሌላው ቤት ሌላውን፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ሳይጨርሰው ይተወዋል። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር እንዴት ገጽ ይሁን? የመጨረሻው ነጥቡ ግን ከሁሉም ይከብዳል። አመልካቿ ራሳቸው ከግንቦት ወዲህ ቃሉን አንድ ጊዜ እንኳ አላሉትም። በከተማውም ከእሳቸው በቀር በአፉ የሚለው ሰው ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ሐረጉ የሞተ ነው፤ የሞተ ሐረግ ደግሞ በሌላ ክፍል ነው የሚታየው።

ቤታቸውን ለማዳን ዝም ማለታቸው ነው እንግዲህ ገጹን የሚያሳጣቸው። ይህን ተናገርኩ። ኪሩቤል ያሳዝናል አለ፣ ከልቡ ነው ያለው፣ ግን የሚያሳዝን መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ወይዘሮ ሀናን ይከፈትለት አለች፣ ኪሩቤል ይጠቃለል አለ፣ የእኔ ድምፅ ቀረ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያዘነበልኩት ወደ መጠቅለሉ ነበር። ሦስት ማለት ሦስት ነው። ሁለት ማስረጃ ይዞ ለመጣ ሁሉ ገጽ ብንከፍት መዝገቡ መዝገብ መሆኑ ይቀራል፤ ይህን በሃያ ዓመት ሥራዬ ለስንቱ ነግሬዋለሁ። ረቡዕ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ እማማ ሶሊያና የወረድኩትም ለጨዋነት ያህል ነው። ገጹ እንደማይሆንላቸው፣ ለመስከረም ሦስት ሳምንት ስለቀረ ቆሎውን አጥብቀው እንዲይዙ ልመክራቸው ነበር። ለዚህ የሚሆን ሐረግ መዝገቡ ውስጥ ስላለ ሰሚዬ እንዲናገርልኝ አስቤ ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ዝናብ ያዘኝ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ፣ አስታውሼዋለሁ፣ ልሻገረው እግሬን አነሣሁ። የቀረው እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴ አረፍኩ፣ ከዚያ በክርኔ፣ ከዚያ በጎኔ ሁለት ደረጃ ወረድኩ።

«እኔን!»

ሕመሙ ገና አልተሰማኝም ነበር፤ ቃሉ ቀድሞት ደረሰ። ቀና ስል ቆሎው በየደረጃው ተበትኗል፣ ሳህኑ ወደ ታች እየተንከባለለ ነው፣ እማማ ሶሊያና ዱካቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተዋል። በስንት ዓመቴ እንደሆነ እንጃ፣ ሰው በገዛ አፉ ስለ እኔ ሲደነግጥ ሰማሁ።  ሽማግሌ ሰውዬ ዝናብ ላይ ተጋድሜ እንባዬ መጣ።

የእሳቸው ሰሚ «ወይዘሮ ሶሊያና፣ አርባኛው መውደቅዎ ተመዝግቧል፤ አይንቀሳቀሱ» አላቸው። የእኔም ቀጠለና መውደቄን እንደመዘገበ ነግሮኝ እንዳልንቀሳቀስ አዘዘኝ። እማማ ሶሊያና ተነሥተው ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይዘው መጡ።

«እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው። «ቤትዎን እኮ አጡት።»

«ተወው። አንተ እዚህ ተዘርረህ እኔ ቆሎ ላኝክ?»

ጉልበቴን አጠቡት። የሚቀጥለውን ቀስ ብለው፣ ጨርቁን እየጨመቁ ነው ያሉት፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «ዝም ማለቱን ችዬው ነበር እኮ። እንዴት እንደወጣ እንጃ። እኔ አላልኩትም፣ ወጣ።»

በዘጠኝ ደቂቃ ሁለት የክትትል ሠራተኞች አንድ አልጋ ይዘው መጡ። አልጋው ለእሳቸው ነው። ጉልበቴ እየደማ ደረጃው ላይ መቀመጤን አይተዋል፤ ግን የእኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ የእሳቸው አርባኛ። እማማ ሶሊያና አልተኛም አሉ፤ ከተረፈው ቆሎ ዘግነው ሰጧቸው። ሠራተኞቹ ግራ ገባቸው፣ ቆሙና በሉ፣ ዕቃ መሸከፊያ ሰባት ቀን ጽፈውላቸው ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ሰቅዬ ሳለሁ ነው የገባኝ። ሁለት መዝገብ አለ። አንድ ደረጃ፣ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት መውደቅ። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ጉልበት፣ ክርን፣ ጎን ይላል። ሁለተኛው የእሳቸው ነው። አካል በተቀመጠበት፣ ጉዳት የለም፣ ድምፅ «እኔን» ይላል። ክትትሉ ሳያውቀው ስለ ቃሉ ጽፏል፤ ሦስተኛው ማስረጃ ማለት ነው። የወደቀ ሌላ ሰው፣ ያለው ሌላ ሰው። የሰዋስው መጽሐፉን ጸሐፊ አያውቀውም፣ የነርሶቹንም አያውቃቸውም። ከዚህ ቀደም የነበሩት ሠላሳ ዘጠኙ ለዚህ አይሆኑም ነበር፤ ተደናቃፊው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ስለሚተርፍ ከጎናቸው የሚቆም መዝገብ የላቸውም። ተዘርሮ የወደቀ እኔ ብቻ ነኝ።

ዓርብ ዕለት እያነከስኩ ገባሁና ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ኪሩቤል ደጋግሞ አነበበው። ሆን ብዬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሆን ብዬ የምወድቅ ይመስልሃል ወይ ብዬ ጉልበቴን ገልጬ አሳየሁት። መዛኝ ምስክር መሆን አይችልም የሚለውንም አነሣ። ለዚህ የመለሰችለት ወይዘሮ ሀናን ናት።

«ምስክሩ እሱ አይደለም፣ ጉልበቱ ነው» አለች።

ኪሩቤል ሳቀ። ሲስቅ ሳየው ያ ገና ሁለተኛ ጊዜ ነው። ገጹ በሦስት ድምፅ ተከፈተ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እኔን፦ ሌላው ሲወድቅ ወይም ሲጎዳ ተናጋሪው የሚለው ቃል። የደረሰብህ በእኔ ይሁን ማለት ነው። ግሱ አይነገርም።» ለምሳሌ ያህል አርባኛውን መዝገብ ጠቀስኩ። ገጽ ላይ በምሳሌነት የተጠቀሰ መዝገብ ትርጉሙ በገጹ ይሆናል፤ ስለዚህ አርባኛው መውደቅ መውደቅ መሆኑ ቀረ፣ ሠላሳ ዘጠኙም ተከትለውት ተሠረዙ። ክትትሉ የይቅርታ ደብዳቤ ላከላቸው። ድንጋዩ አንድ መውደቅ ተመዘገበበት፤ አርባ ሲሞላ ይነቀላል። እማማ ሶሊያና በፌስታል ሙሉ ቆሎ ቢሮ ድረስ ላኩልኝ። ወይዘሮ ሀናን ለክፍሉ አካፈለችው፤ ኪሩቤልም በላ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴ ብርድ ሲሰማው እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ገጹ ከተከፈተ ዓመት አለፈ። በመጣው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ወረድኩ። ዝናቡ አቁሞ ነበር፣ ደረጃው ግን አልደረቀም። እማማ ሶሊያና ክፈፉ ሥር፣ ዱካቸው ላይ፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አየኋቸው። ቤታቸው ቤታቸው ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ በጤናቸውም ደህና ይመስላሉ። እጄን ላወዛውዝላቸው አነሣሁና ድንጋዩን ረሳሁት። ተንሸራተትኩ፣ ግድግዳውን ያዝኩ፣ ተረፍኩ።

«እኔን» አለ ድምፃቸው።

ጥርት ያለ ነበር። የእርጅናው ሻካራነት የለበትም፣ ትንፋሽ የለበትም፣ ድንጋጤውም በልክ ነው። የእኔ ሰሚ በእኔ ድምፅ «ምንም አልሆንኩም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። መሆን አለመሆኔን እኔ ገና አላወቅኩም ነበር።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፈገግ ብለውልኛል። በአንድ ጣታቸው ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉና ቅንድባቸውን አነሡልኝ፤ ሰማኸኝ ወይ ማለታቸው ነው።

«ሰማሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

ሌላው እጃቸው ሳህኑ ውስጥ ነበር። አፋቸውን ቆሎ ሞልቶታል።